የወንድሜ ጠመንጃ ክብደት

የታናሽ ወንድሜ ሚስት፣ ዋርሳዬ፣ ጠመንጃውን በአሮጌ አንሶላ ጠቅልላ ወደ እንጨት ቤቴ ያመጣችው ወንድሜን ከቀበርነው ከአራት ወር በኋላ ነው። ያን ጠዋት አንድ በር ያዘዘኝ ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ይጨቀጭቀኛል። ማጠፊያው ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ቀለሙ የተባባልነው አይደለም፣ ነገር ዓለሙ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሩን ከነማጠፊያው አሸክሜ ነበር የማባርረው። አፌ ክፉ ነው፤ ይሄን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አልክድም። ያን ሰሞን ግን ሰው ሲናገረኝ ድምፁ ከግድግዳ ወዲያ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። "እሺ" አልኩና ማጠፊያውን ዘይት ቀባሁለት። ሰውየው ለጠብ ተዘጋጅቶ መጥቶ ስለነበር ግራ ገብቶት ሄደ።

ዋርሳዬ ደንበኛው እስኪወጣ ጠብቃ አንሶላውን መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ፈታችው። የወንድሜን የአደን ጠመንጃ ሳይ የሆነ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም። ጠመንጃ ነው፤ እንጨትና ብረት።

"ጋሼ፣ ይሄን ያቅልሉልኝ" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ከከተማው ጫፍ ባለ ትልቅ የበቆሎ እርሻ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠባቂ ነበር። ሥራው የዱር አሳማ ማባረር ነው፤ ሲብስም መግደል። ጠመንጃው የራሱ ነው፤ በወጣትነቱ አዳኝ በነበረ ጊዜ ከአንድ ሽማግሌ የገዛው፣ ያኔም አሮጌ የነበረ። እርሻው ደሞዝ ይከፍለዋል፤ በሩ አጠገብ ያለችውን ሁለት ክፍል ቤትም ሰጥቶታል። ቤቷ ግን የሥራው ናት፤ ሥራው ከቀረ ቤቷም ትቀራለች። ዋርሳዬ ዕቃዋን በማሸግ ፈንታ ኃላፊው ቢሮ ገብታ "ሥራውን ለእኔ ስጡኝ" አለች። ኃላፊው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። ባሏ ሌሊቱን ሲዞር አድሮ ቀን ሲተኛ ማሳውን ስትጠብቅ የኖረችው እሷ እንደሆነች፣ ተኩስም እንደምትችል ኃላፊውም ያውቃል።

በመጨረሻ ቁርጡን ነገራት። በወሩ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቆማ፣ ምንም ነገር ሳትደገፍ፣ ሃምሳ እርምጃ ላይ የተሰቀለ ጣሳ በሦስት ጥይት ሁለቴ ከመታች ሥራውም ቤቱም የእሷ ነው፤ የጠመንጃውንም ወረቀት በስሟ ያዛውርላታል። ካልሆነ ሰኞ ቁልፉን ታስረክባለች። አሳማ የምትደገፊው ዛፍ እስክታገኚ አይጠብቅሽም አላት።

"ማነጣጠሩ አይደለም የቸገረኝ" አለችኝ። "አንስቼ እስከ አሥር ሳልቆጥር ክንዴ ይንቀጠቀጣል። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። እሱ ሲሄድ ጉልበቴንም ይዞት ሄደ መሰለኝ።"

እኔም አነሳሁት። ከበደኝ። ግን እኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ያን ሰሞን ደግሞ መዶሻውም፣ ማንኪያውም ይከብደኝ ነበር። ስለዚህ ነገሬም አላልኩት።

ወንድሜ "የቀለለ ጠመንጃ ይራገጣል" ይል እንደነበር አስታወስኳት። ከባድ ጠመንጃ ሲተኮስ ግፊቱን ራሱ ውጦ ነው ትከሻ ላይ የሚደርሰው፤ ቀላሉ ግን ያለ የሌለውን ትከሻህ ላይ ያራግፈዋል። "ይራገጥ" አለችኝ። እርግጫውን እችላለሁ፣ ያቃተኝ መሸከሙ ነው አለች። መሀል ከተማ ያለው የጠመንጃ ሱቅ እንጨቱን የሚተካ ቀላል የፕላስቲክ አካል ይሸጣል ሲባል እሰማለሁ፤ ዋጋውን የጠየቀ ሰው ግን ሳይሰናበት ነው የሚወጣው። እኛ ያለን የእኔ መላጊያና ሦስት ሳምንት ነበር።

ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ፤ አጭር ነው፣ እሱም ብዙ አያወራም ነበር። አምስት ዓመት እበልጠዋለሁ። እንጨት ቤቱ የአባታችን በነበረ ጊዜ መላጊያ የያዝነው አብረን ነው። እጁ ከእኔ እጅ ይሻል ነበር፤ ይሄን በቁሙ አልነገርኩትም። ግን አራት ግድግዳ አይወድም፤ ሜዳ ነው የሚወደው፣ ጥሎን ወጣ። እንዴት ነህ ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ "ምንም አልል።" መንጋጋ ጥርሱን ነቅለውት አፉ ጥጥ ጎርሶ "ምንም አልል"፤ ጣሪያው አልጋው ላይ እያፈሰሰበት "ምንም አልል"። የሠርጉ ዕለት አዲስ ጫማ እግሩን ልጦት እያነከሰ ስንት ሰዓት ሲጨፍር ዋለ፤ ጫማውን ያወለቀችለት ሚስቱ ናት፣ ካልሲው በደም ርሶ ያየችውም እሷ።

ሰው አስቸግሮ አያውቅም። በሕይወቱ ከእኔ የጠየቀኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዴ ለሠርጉ አልጋ፤ አንዴ ደግሞ አምና፣ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ የኖረውን የእርሳስ ብረት፣ ያንን ለጣሪያ መጋጠሚያ የሚሆነውን ለስላሳና ከባድ ብረት። ለምንህ ነው ስለው "ለአሣ መረብ ማስጠሚያ" አለኝ፤ እርሻው ውስጥ ግድብ አለ። አሣውን ስትይዝ እንዳትረሳኝ ብዬ ቀለድኩበት፣ እሱም ሳቀ፣ በግራ እጁ ተሸክሞት ሄደ። አሣ የሚባል አልመጣም። እኔም ረሳሁት።

ከዚያ አንድ ቀን ሳል አላስተኛ አለው። ሆስፒታል በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። በሽታው ከሳንባው አናት ተነስቶ ወደ ቀኝ ትከሻው ገብቶ ነበር። ሐኪሟ ኮሪደር ላይ አቁማን፣ ይሄ ከዓመት በላይ የቆየ ነገር ነው፣ ትከሻውን ክፉኛ ያመው ነበር መቼም፣ ያኔ ቢመጣ ኖሮ የምንሞክረው ነገር ነበረን አለችን። ዋርሳዬ እኔን አየችኝ፣ እኔም እሷን። አሞኛል ሲል የሰማ የለም።

አላለቀስኩም። ቀብሩ ላይ የሬሳ ሣጥኑ ክዳን ከጎኑ ጋር አለመግጠሙን፣ ሁለት ሚሊ ያህል ማለፉን እያየሁ ነው የቆምኩት። ከዚያ ወዲያም እንደዚያው ቀጠልኩ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ምግቡ ጨው ይነሰው ይብዛበት አላውቅም። አንድ ቀን አውራ ጣቴን በመዶሻ መታሁት፤ ጥፍሩ ጠቁሮ ካየሁት በኋላ ነው ያመመኝ። ባለቤቴ በየቀኑ ምሳ ላይ ሳህኔን እያየች "አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?" ትለኛለች። "ምንም" እላታለሁ። እየዋሸኋት አልነበረም፤ ውስጤ ገብቼ ብፈልግ የማገኘው ነገር አልነበረም።

ሥራውን የጀመርኩት በሚዛን ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት ሽንኩርትና ድንች የምትሸጥ ሴትዮ አለች፤ ምላሷ እንደ እኔው ነው፣ ለዚህ ነው የምንግባባው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለቴ አይቼ ሚዛኗ ላይ አጋደምኩት። "ኪሎውን በስንት አሰብከው?" አለችኝ። አራት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም አለ። ምንህ ነው ስትለኝ የወንድሜ ነው አልኳት፤ ቀልዷን አቁማ፣ ስትፈልግ ሳትጠይቀኝ እየመጣህ መዝን አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሁለት ቀኑ ጠመንጃ ታቅፌ መንገድ እሻገራለሁ፤ ድንች የሚገዙት ሰዎች መጀመሪያ ይደነግጡ ነበር፣ በኋላ ለምደውኝ ወረፋ ይለቁልኛል።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን አነሳሁ። ወፍራሙን የቆዳ ማንገቻ አውልቄ ከአሮጌ ቦርሳ የፈታሁትን የጨርቅ ማንገቻ አደረግሁለት። አናቱ ላይ በትልልቅ የብረት ቀለበት የታሰረውን ማነጣጠሪያ መነጽር ፈታሁት፤ መስታወቱ ደብዝዞ ነበር፣ ዋርሳዬ ደግሞ ዓይኗ ደኅና ነው። ከዚያ ወደ እንጨቱ ወረድኩ። ከብረቱ በታች ግራ እጅ የሚይዝበት ቦታ፣ የድሮ ሰው እንደሚወደው፣ የቤት ምሰሶ አህሎ ነው የተሠራው። በመላጊያ፣ ከዚያ በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አቀጠንኩት። ብረቱ ሥር ማንም የማያየውን እንጨት በመሮ ቦረቦርኩ። ሃምሳ ግራም፣ ሠላሳ ግራም እያለ ይወርዳል። እጄ ሥራውን ያውቀዋል፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ እንደማይ ነበርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ጉንጭ የሚያርፍበት ላይ ደረስኩ። እዚያ ጋ የወንድሜ ጉንጭ ሃያ ምናምን ዓመት እያረፈ እንጨቱን አጥቁሮና አለስልሶ፣ የፊቱን ልክ አውጥቶበታል። እጄን አሳረፍኩበት። ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም። መላጊያውን አስተካክዬ ላግኩት። ጥቁሩ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ከሌላው ሰጋቱራ ጋር ጠርጌ ጣልኩት። ስልሳ ግራም ሆነ።

ሰደፉን፣ ማለትም ትከሻ ላይ የሚደገፈውን ወፍራሙን የኋላ ጫፍ፣ አልነካሁትም። ማንኛውም አናጢ መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው። ጫፉ ላይ ያለችውን የብረት ሽፋን በሁለት ብሎን ፈትተህ ውስጡን በመሰርሰሪያ ብትቦረቡረው፣ ከውጪ ምንም ሳይታወቅ ይቀላል። እኔ ያልነካሁበት ምክንያት ኩርፊያ ነው፤ ስሙን ልጥራው። አምና፣ እርሳሱን ከወሰደ ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ወንድሜ ጠመንጃውን አንግቶ በሱቄ በኩል ሲያልፍ ሰደፉን ልዳስስ እጄን ብዘረጋ ወደ ኋላ ሸሸኝ። ተሰንጥቆ ራሴ በኮላ ለጥፌዋለሁ፣ እንዳይነካብኝ አለኝ። ደሜ ፈላ። አናጢ ወንድም እያለው የጠመንጃ እንጨት በኮላ የሚለጣጥፍ ሰው አይቼ አላውቅም። በራስህ ልጣፍ ኑርበት ብዬው ሁለት ወር አኮረፍኩት። ከሞተም በኋላ ያቺ ኩርፊያ አልለቀቀችኝም። የእሱን ልጣፍ አልፈታም ብዬ ሌላውን ሁሉ ስልግ ከረምኩ።

ቅዳሜ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ፣ ዋርሳዬ ልትሞክረው መጣች። ሚዛኑ አራት ኪሎ ተኩል ብሎኛል፤ አራት መቶ ግራም ቀንሻለሁ፣ እኔ እንደሆንኩ ተሳክቶልኛል ብዬ ነበር። ባዶውን ጠመንጃ አንስታ ግድግዳዬ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አነጣጠረች። እኔ እቆጥራለሁ። አሥራ አራት ላይ አፈሙዙ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አሥራ ስምንት ላይ አወረደችው። እጇን አራግፋ ደገመች፤ ያኔ አሥራ ሁለት ላይ ቀረች። ሦስተኛውን አልሞከረችም። የሰጋቱራው ጆንያ ላይ ቁጭ አለች።

"ተዉት ጋሼ" አለች። "እንጨቱ ምን አደረገ፤ እኔ ነኝ የደከምኩት። ዕቃ ማሸግ ልጀምር።"

አላለቀሰችም። እሷም እንደ እኔው ደርቃለች። ባለቤቴ የቤታችንን የኋላ ክፍል አጽድታ፣ አልጋ አንጥፋ እንደምትጠብቃት ዋርሳዬ ታውቃለች። ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የራሷን በር ስትከፍትና ስትዘጋ የኖረች ሴት የሰው ቤት ስትገባ ምን እንደሚሆን እኔም አይጠፋኝም። ምግብ ስትበላ ትሳቀቃለች፣ ገላዋን ስትታጠብ ትሳቀቃለች። አይዞሽ አልኳት፤ ድምፄ ለራሴ እንኳ አላሳመነኝም። ልብሷ ላይ የያዘውን ሰጋቱራ አራግፋ ሄደች።

ከሄደች በኋላ ካቻቪቴውን አነሳሁ። ለእሷ ብዬ ብቻ ነው ብል ውሸት ነው። ተናድጄ ነበር፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። እስቲ ያንን ልጣፍ ልየውና ልስደበው፣ ይስማኝ አይስማኝ የራሱ ጉዳይ ብዬ ነው።

ሁለቱ ብሎኖች አናታቸው ላይ ያለው መስመር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሟል። ብሎን እንዲህ አስተካክሎ ማቆም ያስተማረን አባታችን ነው፤ ሥራውን ጨርሼ ነው የተነሳሁት ማለትህ ነው ይለን ነበር። ሽፋኑን አወለቅሁ። ስንጥቅ የለም። ኮላ የለም። ንጹሕ እንጨት ላይ ጎን ለጎን ሁለት ክብ የእንጨት ውታፍ ገብቶበታል፤ ከመግጠማቸው የተነሳ ጥፍር አያስገቡም። እጁ ይሻል ነበር ብያችኋለሁ። ውታፎቹን በመሮ ነቀልኳቸው። ከየቀዳዳው፣ እንዳይንኳኳ በሸሚዝ ቁራጭ የተጠቀለለ፣ ግራጫ ከባድ ነገር ወጣ። የእኔ እርሳስ ነበር። አቅልጦ እንደ መጥረጊያ እጀታ ድቡልቡል አድርጎታል።

ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገም። የቀለለ ይራገጣል፤ የከበደ ግፊቱን ይውጣል። ወንድሜ አምና ትከሻው እርግጫውን መቻል አቅቶት ነበር። ለሐኪም መንገር ሲችል፣ ለሚስቱ መንገር ሲችል፣ መንገድ ተሻግሮ ለእኔ መንገር ሲችል፣ ጠመንጃውን አከበደው። ያውም በእኔ እርሳስ። እኔ ደግሞ አሣውን ስትይዝ አትርሳኝ ብዬ ሳቅሁ። ሰደፉን እንዳልነካበት ሲሸሸኝም ስለ ኮላ አኮረፍኩ።

እርሳሶቹን ይዤ ተሻገርኩና ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኳቸው። ዘጠኝ መቶ ግራም። ዘጠኝ መቶ ግራም እዚያ ተቀምጦ እኔ ስልሳ ግራም ፍለጋ የጉንጩን ቦታ ልጌ ጣልኩት። ፍቅፋቂውን የጣልኩበትን ጆንያ ሄጄ ገለበጥኩ። የቆሻሻ መኪና ሰኞ ወስዶታል፤ የረቡዕ ሰጋቱራ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ዋርሳዬን አስጠራኋት። ጠመንጃው ሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ ሆኗል። አነሳችው፤ ዓይኗ ፈጠጠ። እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ፣ እስከ አርባ ቆጠርኩ፤ አፈሙዙ ውልፍት አላለም። ምን አደረጉት ስትለኝ፣ ውስጡን ቦረቦርኩት አልኳት። ለምን እንደዋሸኋት አላውቅም። ቅዳሜ እስኪያልፍ ብዬ ይሆናል፤ ወይም የቤታችን ልማድ እሱ ስለሆነ ይሆናል። ጉልበቴ ተመለሰልኝ ማለት ነው ብላ ፈገግ አለች፤ እኔም አዎ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። ጣሳው ማሳው ዳር አጥር እንጨት ላይ ተሰቅሏል፤ ኃላፊው እጁን ከኋላው አጣምሮ ቆሟል። ዋርሳዬ የባሏን ኮት ለብሳለች፣ እጅጌውን ሁለቴ አጥፋ። አነሳች፣ ተኮሰች፣ ጣሳው ጮኸ። እርግጫው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ገፋት፤ ከንፈሯን ስትነክስ አየሁ። በሁለተኛው፣ ገና ቃታውን ሳትስብ ትከሻዋ ምቱን ፈርቶ ሸሸ፤ ጥይቱ ከጣሳው ወዲያ አፈር አቦነነ። ኃላፊው ሰዓቱን አየ። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ እርሳሶቹን ጨብጫለሁ፤ ለምን ይዣቸው እንደሄድኩ አልጠይቅም።

ሦስተኛውን አልቸኮለችም። አንስታ ቆየች። በልቤ እቆጥራለሁ፤ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ። ያ ክንድ አልተንቀጠቀጠም። ሃያ ሦስት ላይ ተኮሰች፤ ጣሳው ከነምስማሩ ተነቅሎ ወደቀ። ኃላፊው ኮፍያውን አንስቶ ራሱን አከከ፣ በእጁ ቁልፍ የማዞር ምልክት አሳያትና "እዚያው አንቺ ጋ ይቆይ" አላት። ወደ ቢሮው ሄደ።

ቤት ገባን። ውሃ ልትቀዳልኝ ማሰሮውን በቀኝ እጇ ልታነሳ ሞከረች፣ አቃታት፣ በግራዋ አነሳችው። ተቀምጣ ትከሻዋን እያሻሸች ምስማሩ ላይ ወደሰቀለችው ኮት አየች።

"እሱ ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት ነው የቻለው?" አለች።

እርሳሶቹን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ አሣ መረቡ፣ ስለ ኮላው፣ ስለ ውታፎቹ፣ እርሳሱን የሰጠሁት እኔ ራሴ እንደሆንኩ፣ ሐሙስ ዕለት እንደዋሸኋት። አልጮኸችም። አንዱን በአንድ እጇ፣ ሌላውን በሌላ እጇ ይዛ መዘነቻቸው።

"አምና ስወለውለው ከብዶኝ ነበር" አለችኝ። "ይሄ ነገር ከብዷል እንዴ አልኩት። 'አርጅተሻል' አለኝ። ተሳሳቅን። እኔም አመንኩት፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አምኜው ነበር።"

ተናድጄበታለሁ አልኳት። እኔም አለች። ውጪ አንድ ሰው ውሻ ይጣራል። ውሃዬን ጠጥቼ ልነሳ ስል እጄን ያዘችኝ።

"ጋሼ፣ ያመኛል" አለች፤ የእኔን እጅ ወስዳ የኮቱ ስፌት የሚያርፍበት የቀኝ ትከሻዋ ላይ አደረገችው። "እዚህ ጋ። ብዙ ያመኛል። ግማሹን ይመልሱልኝ።"

እሺ አልኳት። እንዲህ ነው የሚባለው ለካ፤ ያመኛል፣ እዚህ ጋ። ይሄን ያህል ብቻ ቢለኝ ኖሮ ጀርባዬ ላይ አዝዬው ነበር ሆስፒታል የምሄደው።

ጠመንጃውን ይዤ ወደ እንጨት ቤቴ ተመለስኩ። አንዱን እርሳስ በዚያው በሸሚዙ ቁራጭ ጠቅልዬ ቦታው መለስኩት፤ ሌላኛውን መሳቢያዬ ውስጥ አደረግሁ። ውታፎቹ የራሱ ስለሆኑ ሳልነካካ መለስኳቸው። ከብረቱ ሽፋን በላይ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የቆረጥኩትን ላስቲክ ደረብኩበት፣ ለትከሻዋ። ብሎኖቹን አጥብቄ መስመራቸውን ቀጥ አድርጌ አቆምኩ። ልመዝነው ስሻገር ሽንኩርት ሻጯ፣ ያን ሁሉ ቀን ስትቀንስ ከርመህ ደግሞ ልትጨምርበት ነው እንዴ አለችኝ። አዎ፣ የጠመንጃው ባለቤት እንደዚያ ትፈልጋለች አልኳት። አራት ኪሎ ከመቶ አለ።

ምሳ ላይ ባለቤቴ እንደ ልማዷ ሳህኔን አየችና "አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?" አለችኝ። "ምንም" ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣ አለኝ።

"ወንድሜ ሞተብኝ" አልኳት።

ከአራት ወር በላይ የምታውቀውን ነገር ነው የነገርኳት። እሷ ግን ገና እንደሰማች ሆና ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ ወንበሯን ጎትታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ጀርባዬን ያዘችኝ። ከዚያ ብላ አለችኝ፣ በላሁ። ምግቡ ጨው በዝቶበት ነበር።